ላቡን ያስቆረጠው ሰው

የሲጋር ከተማችን ታምቦሪል ውስጥ ላብ የማያውቅ ሰው የለም፤ የኤላዲዮ ላብ ግን የጉድ ነበር። ሌላው ገላው ደህና ነው፣ እጁ ብቻ ጠዋት ማታ ይንጠባጠባል። ሲጋር የሚጠቀለልበት ቤት ያሉት ሴቶች የከተማው ውሃ በጠፋ ቁጥር፣ «ኤላዲዮን ጥሩትና ባልዲ እንደቅንበት» እያሉ ይሳሳቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቅዳሴ ላይ ሰላምታ ተለዋወጡ ሲባል ግን እጁን ኪሱ ከትቶ በአንገቱ ብቻ ነበር ሰላም የሚለው። አርባ አንድ ዓመት እስኪሞላው የአንዲት ሴት እጅ ይዞ ደንሶ አያውቅም። ባቻታ የሚሉት የጥንድ ዳንስ በየደጁ በሚደነስበት አገር ይህን ተሸክሞ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኛ ዘንድ ሲጋር የሚሠራው በጥንድ ነው። አንዱ የውስጡን ቅጠል ሰብስቦ ይጠቀልላል፣ ሌላው የላዩን ስስ ቅጠል ያለብሰዋል። የኤላዲዮ ጥንድ ዩቤርኪስ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆናት፣ ለማንም የማትመለስ ምላሰኛ ሴት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ ታቀብላለች፣ እሱ ያለብሳል። ባቀበለችው ቁጥር ጣታቸው ይነካካል፤ ከዚያ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። የውስጡ ቅጠል እርጥብ እጅ ከነካው እንደሚሻግት፣ የሚጠቀልል ሁሉ እጁን መጥረግ እንዳለበት ከኤላዲዮ በላይ ማን ያውቃል? ያውቃል እኮ። የወደደ ሰው ግን የሚያውቀውን መች ያምናል። ተጸየፈችኝ እያለ አንጀቱ ያርር ነበር።

አንድ ቀን ሳንቲያጎ ከተማ ያለ ሐኪም የእጅ ላብን ከነጭራሹ እንደሚያቆም ሰማ። ለማንም ሳይተነፍስ ሄደ። ሐኪሙ እውነተኛ ሰው ነበር፣ ምንም አልደበቀውም።

«በብብትዎ በኩል ገብቼ፣ ደረትዎ ውስጥ ሆኖ እጅዎን አልብ እያለ የሚያዘውን ነርቭ እቆርጠዋለሁ» አለው። «እጅዎ ይደርቃል። ላቡ ግን በሌላ በኩል ሊመጣ ይችላል፤ በጀርባ፣ በሆድ። የተቆረጠውን ደግሞ መልሼ ልቀጥልልዎ አልችልም። ያስቡበት።»

«አስራ አንድ ዓመት አስቤበታለሁ» አለ ኤላዲዮ።

ከሰመመኑ ሲነቃ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መዳፉን ከመዳፉ ማሸት ነበር። ደረቅ ነው፣ ሞቅም ይላል። አለቀሰ። ነርሷ ቁስሉ አሞት መስሏት የማስታገሻ መርፌ ይዛ መጣች።

ቁስሉ እንደዳነ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ደጃፍ ሙዚቃ ሲከፈት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ዩቤርኪስ ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ነው እንዲህ የለበስከው?» አለችው።

«ማንም አልሞተም። እንደንስ ብዬ ነው።»

«አንተ? ከኔ ጋር?»

ተነሳች። እጁን ስትይዝ ቀና ብላ አየችው። ግማሽ ዘፈን ያህል ኤላዲዮ ዕድሜውን ሙሉ ያላገኘውን ደስታ አገኘ። ከዚያ እጇ ያረፈበት ጀርባው ላይ ውሃው ሲወርድ ተሰማው። ሆዱ፣ ወገቡ፣ ጭኑ ሁሉ አንድ ላይ ተለቀቀ፤ ፊቱ ግን ላብ ጠብ ሳይለው እንደ ምድጃ ግሏል። ሸሚዙ ገላው ላይ ተለጠፈ። ከተቀመጡት አንዱ፣ «ኤላዲዮ፣ በወንዝ በኩል ነው እንዴ የመጣኸው?» አለ። ዩቤርኪስ ሰውየውን «አንተ አፍህን ያዝ» ብላ ተቆጣችው፤ እጇንም ከጀርባው አላነሳችም። እሱ ግን ያዘነችለት መሰለውና ዘፈኑ ሳያልቅ ጥሏት ሄደ።

ሰኞ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የላዩ ቅጠል እርጥበት ይወዳል፤ ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያለሰልስለት የኖረው ያ የጠላው እጁ ኖሯል። አሁን ቅጠሉ ጣቱ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ይሰነጠቃል። ሌሎቹ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚሠሩት፤ እሱ ግን ጨርቅ ፈልጎ ስለማያውቅ ወይ ያበዛዋል ወይ ያሳንሰዋል። ዩቤርኪስ የምታቀብለው ፊቱ ተከመረ። በሦስተኛው ሳምንት አለቃው ዶን ፍሎሬንሲዮ መጥቶ ትከሻውን ያዝ አደረገው።

«ልጄ፣ ማሸጊያ ክፍል ደረቅ እጅ ይፈልጋሉ። እዚያ ይሻልሃል።»

ለዩቤርኪስ ሌላ ጥንድ ተሰጣት። ኤላዲዮ ማሸጊያ ክፍል ብቻውን ተቀምጦ ለየሲጋሩ የወረቀት ቀለበት ያጠልቃል፣ በሳጥን ይደረድራል። በቀን ሦስት ጊዜ ሸሚዝ ይቀይራል። ሩዝና ባቄላውንም እዚያው ብቻውን ይበላል፤ ከግድግዳው ወዲያ ሲሳሳቁ ይሰማዋል። ሆድ ይብሰዋል፣ ለማን ይናገራል?

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዩቤርኪስ ሳታንኳኳ ገባች።

«ዘፈኑ መሃል ጥለኸኝ የሄድከው ለምንድን ነው?»

«ስላራስኩሽ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አስራ አንድ ዓመት ስታርሰኝ አልኖርክም? አንድ ቀን ተናግሬህ አውቃለሁ?»

ኤላዲዮ በእጁ የያዘውን የወረቀት ቀለበት ሳጥኑ ላይ አኖረው።

«ብትጠይቀኝ እኮ ሐኪሙ ዘንድ አትሂድ እልህ ነበር» አለችው።

«አንቺን ለመጠየቅ እንድችል ነው የሄድኩት።»

ዩቤርኪስ ሳጥን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «በል አምጣው» ብላ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች። ኤላዲዮ ሸሚዙ ከኋላ ሲርስ እየተሰማው እንኳ አልተነቃነቀም። ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ እጁን ጭኑ ላይ መለሰችለት።

«አትቀየመኝ ኤላዲዮ» አለች። «ዓይኔን ስጨፍን የማላውቀው ሰው የያዝኩ ይመስለኛል።»

ኤላዲዮ መዳፉን ገልብጦ አየው።

«ለኔም እንደዚያው ነው» አላት።

የሥራ ደወል ተደወለ። ዩቤርኪስ ተነስታ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፤ እሱም ሸሚዙን ቀየረ።