ጠፍቷል

እኔ ሰይፈሥላሴ የርቀት ትምህርት የጀመርኩ ዕለት አቃቂ አንድ ምሁር ጨመረች። የክር ፋብሪካችን ከእንግዲህ የሙያ ወረቀት የሌለውን ሠራተኛ አላውቀውም ባለ ማግስት ነው ኤሌክትሪክ ለመማር የተመዘገብኩት። ሞጁሎቹን ተሸክሜ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ በር በሩ ላይ ወጥቶ አየኝ። በሙሉ ባይወጣም ባለቤቴ እታገኝ ወጥታ ነበር፤ እሷ ያየችውን ደግሞ ሰፈሩ አየው ማለት ነው።

ሞጁሎቹን በአንድ ክረምት ውጬ ጨረስኳቸው። ቀመሩን፣ ሕጉን፣ ሥዕሉን በቃሌ እወጣዋለሁ። ቱቶሪያል ላይ አስተማሪው ሲረሳ የሚያየው ወደኔ ነበር። የቀረችኝ ነገር አንዲት ናት። «ተግባራዊ ልምምድ» የሚል ርዕስ ላይ በደረስኩ ቁጥር ሞጁሉ «ይህን በቱቶሪያል ጊዜ ያከናውናሉ» ብሎ ያልፈኛል። ቱቶሪያሉ ሳሪስ፣ ኮሌጁ በተከራየው የሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያየሁት ሞተር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሳለ ነው። ባጭሩ ሽቦ ነክቼ አላውቅም። ማንም ስላልጠየቀኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ መርዋ ቤታችን መጣች። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናት፤ የስልጤ ልጅ፣ ቁጥብና ሥራ ወዳድ። ወፍጮው ሰሞኑን የነካውን ሁሉ እየነዘረ አስቸግሯታል። ፈጪው ጉተማ የላስቲክ ጫማ አጥልቆ እየሳቀ ሲሠራ ሰንብቷል፤ ያን ቀን ጠዋት ግን አንዲት ደንበኛ ወፍጮው ላይ እጇን አስደግፋ ወደ ኋላ ተወርውራለች። የምታሠራው ኤሌክትሪሻን ሞጆ ሄዷል። በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ነበርና፣ አሁን የጠፋው መብራት ሳይመለስ ጋሼ ቢያዩልኝ አለች።

አፌን ሳልከፍት እታገኝ መለሰችላት። «ይሄማ ለሱ ምኑ ነው! ከዚህ የባሰውን ነው የሚማረው።»

እንግዲህ ምን እላለሁ? ተነሣሁ።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። የዝናቡ ውሃ ገብቶ ወለሉ ረጥቧል። ጉተማ ሲያየኝ «ኢንጂነሬ መጣ» ብሎ ወገቡን ይዞ ሳቀ። እኔም ቆፍጠን ብዬ፣ ከመጀመሪያው ሞጁል ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ጠየቅሁት።

«ጠፍቷል?»

«ከረፋዱ ጀምሮ ጠፍቷል» አለኝ።

ሥራ ጀመርን። የሞተሩ መክደኛ የሚታየው ከወንፊቱ ሥር ስለሆነ፣ ጉተማ የወፍጮውን የብረት አካል በሁለት እጁ አቅፎ ቀና አደረገልኝ። ኮረንቲ ከሌለ ምን ያደርግልኛል ብሎ የላስቲክ ጫማውን አውልቋል፤ በባዶ እግሩ እርጥቡ ላይ ቆሟል። እኔ መክደኛውን ፈታሁ። ሦስት ሽቦ፣ ልክ ሰሌዳው ላይ እንደተሳለው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንዱን ፈትቼ ስለቀው ተንሸራተተና ራቁቱ ጫፉ ብረቱ ላይ ተጋደመ።

ይሄኔ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የሕፃናት ጩኸት ተሰማ። «መጣ! መብራት መጣ!»

እኛ ሰፈር የሚመጣው ከነሱ ትንሽ ቆይቶ ነው። ግድግዳው ላይ ወዳለው ማብሪያ ቀና ብዬ አየሁ። እጀታው ወደ ላይ፣ እንደበራ ነው።

«ጉተማ» አልኩት፣ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ «ጠፍቷል ያልከኝ ማብሪያው ነው ወይስ መብራቱ?»

«መብራቱ ነዋ። ማብሪያውን ማን ነካው?»

ሰዎች ፈራን ሲሉ እሰማለሁ። አይቀልዱ። የኔን ፍርሃት ለአቃቂ ሕዝብ ቢያከፋፍሉት እስከ ቱሉ ዲምቱ ለእያንዳንዱ ቤት ይዳረስ ነበር። ልቀቀው ልለው አፌን ከፈትኩ፤ እኔ፣ የዕድር ስብሰባን በንግግር ብቻ የማስረዝም ሰው፣ ድምፅ አጣሁ። እሱ ብረቱን እንዳቀፈ ፈገግ ብሎ ያየኛል። አሁን ደግሞ ከመንገዱ ወዲህ ያሉት ልጆች መጮህ ጀመሩ።

ዘልዬ በትከሻዬ ገፋሁት። ሁለታችንም ጥጉ ላይ ያለ የገለባ ክምር ላይ ወደቅን። ወዲያው ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል በራ፤ ሞተሩም አንድ ሽቦ ጎድሎበት መዞር አቅቶት እንደታመመ በሬ ያጉረመርም ጀመር።

ጉተማ አልገባውም። ምን ነክቶህ ነው እያለ ሊነሣ የወፍጮውን የብረት እግር ለመያዝ እጁን ሰደደ። ክንዱን በሁለት እጄ ጠመዘዝኩት፤ ሊታገለኝ ሲል ፊቴን አየና ተወ። መርዋ በሩ ላይ ቆማለች። እንዳትገባ በእጄ ምልክት ሰጠኋት።

ማብሪያው ከሞተሩ ባሻገር ነው። ደረቅ እንጨት ኮረንቲ አያስተላልፍም፤ ይህን ከነገጹ አውቀዋለሁ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ባለ እንጨት እጀታ መጥረጊያ አነሣሁ። ግን ወሩ ሰኔ ነው፣ ቤቱ ያፈሳል፤ ይሄ እንጨት ደረቅ ነው? በምን ይታወቃል? ሞጁሉ እሱን አልነገረኝም። እንጨቱን ጉንጬ ላይ አስነካሁት፤ ቀዘቀዘኝ። መቀዝቀዙ እርጥብ ሆኖ ይሁን ጉንጬ በፍርሃት ነዶ ይሁን አልለይ አለኝ። የጉተማን የላስቲክ ጫማ አጠለቅሁ፤ ሁለት ቁጥር ይጠበኛል። ግድግዳ ግድግዳውን እየታከክሁ ሄድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ እጀታውን ወደ ታች ልመታ እንጨቱን ሰነዘርኩ።

ሳትኩት። እንደገና መታሁ።

ማጉረምረሙ ቆመ።

እዚያው ባለሁበት ተቀመጥኩ። መርዋ ቀስ ብላ ገባችና ተሠራ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምመልሰውን አላጣም ነበር።

«አልተሠራም፣ ልጄ። ነክቶ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ፤ እኔ የተማርኩት ከርቀት ነው።»

አልሳቀችም። ጉተማም ዱቄት በዱቄት ሆኖ መጣ፣ አሁን ገብቶታል። ሊያነሣኝ እጁን ዘረጋልኝ። እጁን አየሁት፣ ብረቱን አቅፎ የነበረውን፤ ኮረንቲው እዚያ ውስጥ የቀረ መሰለኝና ለረጅም ጊዜ ልይዘው አልደፈርኩም።