ሁለት በር ያላቸው ቤቶች

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ልጅ ከእንጀራ አባቷ ቀበቶ አስጥላ ወደ ራሷ ቤት ካመጣች ወዲህ፣ ከመምህሩ የምትሰማው ስሞታ ያው ነው። «ልጅቷ ልቧ እዚህ የለም። እኔ ሳስተምር እሷ በር በሩን ታያለች።»

ከትምህርት መልስ ግን ያቺው ልጅ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ቁጭ ብላ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅና በካርቶን ከተማ ትሠራለች። ቤቶቹ ሁሉ ሁለት ሁለት በር አላቸው።

«ሚጢጢ፣ ምነው በር አበዛሽ?» ስትል ቀለደች አክስቷ አንድ ቀን። «ብርድ ሊገባባቸው ነው እኮ!»

«አንዱ መግቢያ ነው፤ አንዱ ማምለጫ።»

አክስቷ በሮቹን ልታይ ጎንበስ እንዳለች ልጅቷ መቀሱን ጣለች።

«መጣ።»

«ማን?»

«ሲያስል ሰማሁት።»

አክስት ጆሮዋን ብትቀስር፣ ከመኪና ጥሩምባና ከጎረቤት ራዲዮ በቀር የሰማችው የለም። ልጅቷ ግን አመድ መስላለች። «ቅዠት ነው» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። በጓሮ በር አስወጥታ ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሰደደቻት። ተመልሳ ሳትቀመጥ የልጅቷ እንጀራ አባት ከደጅ ብቅ አለ።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ ልጅ የለህም።»

ዓይኑ ከጠረጴዛው ስር ካለው ትንሽ ጫማ ላይ አረፈ። «ጫማዋ ብቻውን ነው የመጣው?» ብሎ የጨርቁን ከተማ በእግሩ ደፈጠጠው። ከዚያ ወደ ጓሮው በር አመራ።

አክስት ግን ቀድማው በሩ ላይ ተገተረች። «እኔ ቆሜ እያለሁ አትነካትም!» ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው።

ፀጉር ሠሪዋ ልጅቷን ቤቷ ውስጥ ቆልፋባት ከነደንበኞቿ ከተፍ አለች፤ አንዷ ራሷ ላይ ቢጎዲን እንደተጠቀለለ ነበር። «ብቻዋን አገኘኋት ብለህ ነው?» አለችው። ሰውየው ዙሪያውን አየና «ቆይ ብቻ!» እያለ ወጣ።

በነጋታው አክስት መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አመለከተች፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤት።

«መምህር፣ ልቧ አልጠፋም፤ ዘብ ቆሞ ነው። ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ በሩን የምታይበት ቦታ ያስቀምጡልኝ።»

መምህሩ ትንሽ አንገራገሩ። ከዚያ ወንበሯን ራሳቸው ተሸክመው አዛወሩላት።

ሰውየው በአካባቢው ድርሽ እንዳይል ከፖሊስ ተነገረው። ልጅቷ በር በተንኳኳ ቁጥር አሁንም ትበረግጋለች። ባለፈው ሳምንት ግን በጨርቅ ድልድይ ስትሠራ፣ አክስቷ ለራት ጠርታት ጠርታት አልሰማችም። አክስቷም ምግቡን ከድና፣ ድምጿን አጥፍታ ጠበቀቻት።