ያላለቀሰው በርሜል ሠሪ

ሴቶቹ የየራሳቸውን ወንበር ተሸክመው መጡ። በርሜል ሠሪው አሳሄል ፕሩት በመስኮቱ ቆሞ፣ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ከመጋቢቱ ጭቃ ሰብስበው፣ በሌላው ወንበር አንጠልጥለው ግቢውን ሲያቋርጡ አያቸው። እሱ ቤት ያሉት ወንበሮች እንደማይበቋቸው ያውቃሉ። ልጅ እስኪሞት ቆሞ አይጠበቅም።

«ሐኪሙ ትሞታለች አላለም» አላቸው ከበሩ ሳይነቃነቅ። «ትኩሳቱ ለቋታል። እስከ ማታ እህል ከቀመሰች ትድናለች ነው ያለው።»

«መች ቀመሰች ታዲያ፣ አቶ ፕሩት?» አለች የሰባኪው ሚስት ወይዘሮ ፔንድልተን። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ሁልጊዜም ለስላሳ ነው። «ነፍሷ ወደ ቤቷ ጉዞ ጀምራለች። እርስዎ አይያዟት።»

ገፍታው አላለፈችም። እንዲህ ያለ ሰው መግፋት አያስፈልገውም፤ ሌላው ራሱ ዞር ይልለታል። አሳሄልም ዞር አለ፤ ዞር በማለቱም በገነ።

ይህች ሴት ግጥም ትጽፋለች። በዚያ የቨርሞንት ግዛት ወንዝ ዳር ሰው ሲሞት፣ ይልቁንም ሕፃን ሲሞት፣ ግጥሟ በሳምንቱ ጋዜጣ ይወጣል፤ እናቶችም ቆርጠው በመስተዋት ክፈፍ አስገብተው ይሰቅሉታል። የአሳሄል ሚስት ሜሂታብል የሞተች ጊዜም ጽፋ ነበር። ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልተማረው ባል በጣቱ እየተከተለ አነበበው። በግጥሙ ሟቿ መልአክ ሆናለች። እሱ ግን ዓይኑ ደረቅ፣ ልቡ የወንዝ ድንጋይ ነው። በርሜል ሊገዛ የመጣው ሁሉ ዓይን ዓይኑን ያየው ጀመር። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። እንጨቱን በሚጠርብበት ዳስ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ያ ዓይኑ ምን እንደሚሆን ግን የጠየቀው የለም።

መኝታ ክፍሉ ገብቶ በሩን በሴቶቹ ፊት ዘጋው።

ልጁ ፊሊና እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ተንጋላለች። የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ መተኛትን ማን አስተማራት? ራስጌዋ ያለው መረቅ ቀዝቅዞ ሞራው ረግቷል። አሳሄል ሌላ ነገር ይዞላት ነበር፦ የሜፕል ዛፍ ጭማቂ አፍልቶ፣ ከጓሮ ባፈሰው በረዶ ላይ አንጠባጥቦ፣ እንደ ሙጫ የተሳበውን ጣፋጭ በማንኪያ ጠቅልሎ። ደህና ሳለች ለዚህ ስትል ከጎረቤት ልጆች ጋር ትደባደባለች።

«ቅመሺ፣ የኔ ልጅ። ዛሬ የፈላ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ጉሮሮሽን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ፣ ስሞት ታለቅሳለህ አይደል? ከዚያ ተንበርክከህ ትጸልያለህ፤ ቤተ ክርስቲያንም ትመለሳለህ። ወይዘሮ ፔንድልተን ባነበቡልኝ መጽሐፍ ሁሉ፣ ልጅቷ ስትሞት አባትየው ይመለሳል።»

የበረዶውን ወራት ሙሉ ያች ሴት እዚህ አልጋ ላይ ተቀምጣ ስታነብ፣ እሱ ከግድግዳው ወዲያ መዶሻውን እየመታ ይሰማ ነበር። የሴቶች ተረት ነው ብሎ ናቀው። ልጁ ግን ለካ እሱን ለማዳን ነው አፏን የዘጋችው።

እንባው መጣ።

«ይንበርከኩላት፣ አቶ ፕሩት!» አለ ከበሩ ኋላ ለስላሳው ድምፅ። «የምትጠብቀው ይህንኑ ነው። በሰላም ትሂድ!»

በሰላም ትሂድ! አንዲት ጠብታ ብትወርድ ልጅቷ ሥራዋን ጨርሳ እንደምትሄድ ያን ጊዜ ገባው። ጥርሱን ነክሶ እንባውን ዋጠው።

«አላለቅስም» አለ።

«ምን?»

«ብትሞቺ አላለቅስም። ቤተ ክርስቲያንም አልሄድም። እሑድ እሑድ ስብከቱ ሲጀመር በርሜል እየደበደብኩ ሰባኪውን አደነቁረዋለሁ። በግሽንም እሸጣታለሁ።»

«ዶሊን?»

«ዶሊን። ለፔንድልተን ወጥ ቤት።»

«ውሸትህን ነው!»

«ሴትዮዋን ጠይቂያት። ድንጋይ ነው ብላ ጋዜጣ ላይ አውጥታኝ የለ?»

የተጣመሩት እጆች ተላቀቁ። ጉንጮቿ ላይ፣ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደም የመሰለ ነገር ታየ።

«ክፉ ነህ! እማዬ ብትኖር—»

«ክፉ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን መውሰድ ከፈለግሽ በእግርሽ ቆመሽ፣ በእጅጌዬ ጎትተሽ ውሰጂኝ። ሞተሽ ግን አትወስጂኝም።»

ልትመልስለት አፏን በሰፊው ከፈተች። ማንኪያውን አስገባው።

ጥርሷ ግጥም ብሎ ነከሰው። አልዋጠችም፤ አልተፋችም። በንዴት የተሞሉ ዓይኖቿን ፊቱ ላይ ተክላ ቀረች፤ እሱም የማንኪያውን ጫፍ አልለቀቀም።

ከበሩ ወዲያ፣ የልጅቷ ድምፅ በድንገት መቋረጡን የሰሙት ሴቶች ወንበራቸው አንድ ላይ ሲንቋቋ ተሰማ። አንዷ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ወይዘሮ ፔንድልተን ለሞተ ሰው የሚዘመረውን የስንብት መዝሙር ጀመረች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ዝም በሉ ብሎ ሊጮኽባቸው ይችል ነበር። እሱ ግን ትውጥ እንደሆነ ከልጁ ጉሮሮ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።