ሽቦዎቹን ማን ቀያየረ

«ወንድሜ ሰማዩን እንደ ጓዳው ያውቀዋል፤ ሁለት ሽቦ መለየት ግን አቃተው!» አሉ የሟች ታናሽ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው።

ለቀስተኛው ሳቀ። ሦስተኛው ቀን ነው፤ ለቅሶው ረገብ ብሎ ጨዋታ ጀማምሯል። የሟች ባለቤት እንኳ ዓይናቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው የሟች የቀድሞ ተማሪ ግን አልሳቀችም፤ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ያዘች።

ሽቦዎቹን የቀያየረችው እሷ ነበረች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እሷና መምህሯ በአቅራቢያችን ያሉ ትናንሽ ጋላክሲዎችን መግነጢስ ይለኩ ነበር። «ትልልቆቹንማ ማን የማያይ አለ? ሰው ያጡት እነዚህ ሚጢጢዎቹ ናቸው» ይሉ ነበር መምህሯ። መግነጢስ አይታይም፤ አቋርጦት የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ ግን ጠምዘዝ ያደርገዋል። የጥምዘዛው መጠን ጉልበቱን፣ አዟዟሩ ደግሞ መግነጢሱ ወደኛ የዞረ ይሁን ከኛ የሸሸ ይናገራል። ከቴሌስኮፑ የሚወርዱት ሁለት ሽቦዎች ቦታ ከተለዋወጡ አቅጣጫው ሁሉ ይገለበጣል። እሷ ከጥገና በኋላ መልሳ ስትሰካቸው አቀያየረቻቸው። አራት ወር ለኩ፤ ጽሑፉም ታተመ።

ስህተቱን ስታገኘው ቢሮአቸው ገባች። የሥራ ውሏ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«በይ እንደዚያው ይቅር። ማረሚያውን እኔ እጽፋለሁ።»

«ሽቦዎቹን የቀያየርኩት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። በዕድሜያቸው ያሳተሙት ውሸት እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ የቴሌስኮፑ ኃላፊ እሷ ናት። ሳሎኑን ከሞሉት ሰዎች ግማሾቹ የሷ ሠራተኞች ናቸው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ እሳቸው ግን የሷን ጥፋት ተሸክመው እንደተቀበሩ ይቀራሉ።

ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አኖረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። ሽቦዎቹን የቀያየርኩት እኔ ነኝ። ከሥራ እንዳልባረር ብለው ነው በራሳቸው ላይ የወሰዱት። ዛሬ ሰው ሆኜ የቆምኩት በሳቸው ነው።»



«ለኔም አልነገረኝም» አሉ ባለቤታቸው ቀስ ብለው።

«አደራ ብለውኝ ነበር፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሶኬት አላስነካሁትም! ካውያ በተበላሸ ቁጥር ኤሌክትሪሺያን ስጠራ ጥግ ይዞ ያየኛል። አንድ ቀን እንኳ ‹ኧረ እችላለሁ› አይልም? ይሄ ድንጋይ!» ሳቁ፤ ሳቃቸው መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ምኑን ልጄ? ይቅርታ የሚያስፈልግሽ ሳትነግሪኝ ብትቀሪ ኖሮ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ እንደነበረ ሳላውቅ ልሞት? ነይ፣ ነይ ወደዚህ።»

ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። እጇን በቀኝ እጃቸው ያዙና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

ሌላ ለቀስተኛ ገብቶ እጁን ሲዘረጋላቸው፣ ግራቸውን ሰጡት።