ስንት ገደለ?

«ስንት ገደለ?» አለች አልቃሿ ላቀች።

ብርቄ አልሰማቻትም። ዳሱ ውስጥ ምሰሶ ተደግፋ ሳህኑ ላይ የቀረውን ንፍሮ ታያለች። አባቷ ይርጋ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እስካሁን እንባ አልወጣትም።

«አንች ልጅ፣ ነገ ሰልስቱ ነው። ሰው ሲሰበሰብ ምን ብየ ላልቅስለት? ኮርያ ድረስ የዘመተን ሰው ገዳይ ሳልለው ልቀር ነው? ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«አላውቅም፣ እትዬ ላቀች። ነግሮን አያውቅም።»

«እኔ ልንገርሽ» አለ ዳኛቸው ከወንዶቹ ወገን። በአጥቢያው ለቀብር ሰው የሚያስተባብረው እሱ ነው። «ሬሳ የሚፈራ ሰው ምን ይገድላል?»

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ በሳል ሸፈነው። ዳሱ ውስጥ አሥር ሰው ቢኖር ነው። ሌላ ሰው ቢሞት ኖሮ ከአርብ ገበያ ሁሉ ለቀስተኛ ይመጣ ነበር።

በዚያ አገር ጎረቤት ሲሞት ወንድ ሁሉ ትከሻውን ለቃሬዛው ይሰጣል፤ እየተቀባበሉ ቤተ ክርስቲያን ያደርሱታል። ይርጋ ግን ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ቃሬዛ ነክቶ አያውቅም። ብርቄ እናቷ የሞተች ለት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቃሬዛው ሲነሳ አባቷን ዞር ብላ ፈለገችው። ከገብሱ ማሳ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከፊት የተሸከመው ዳኛቸው «የገዛ ሚስቱን እንኳ» ሲል ሰማች። በማግስቱ ይርጋ ማንም ሳይጠራው የዳኛቸውን ገብስ ሲወቃ ዋለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ዳኛቸውም አልጠየቀም።

ትናንት የራሱን ሬሳ አራት ሰው ብቻ፣ ሳይቀያየር፣ ዳገቱን አወጣው። ከአራቱ አንዱ ዳኛቸው ነበር።

«በይ ልብሱን አውጭልኝ» አለች ላቀች። «ነገ እሱን ዘርግቼ አለቅሳለሁ፤ ሌላ ምን አለኝ።»

ብርቄ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። ከካኪ ኮቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘች፤ ማኅተም አለበት። ለጸሎት ከቤተ ልሔም ደብር ለመጡት ለመሪጌታ ወልደማርያም ይዛላቸው ወጣች።

«ቁጥር ካለበት ያንብቡልኝ፣ የኔታ።»

መሪጌታው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩት። «ወታደር ይርጋ ወርቁ። የዘመተበት አገር፣ ኮርያ። የተመደበበት ሥራ…» አሉና ቆሙ። መስመሩን በጣታቸው ደግመው ሄዱበት። «በጦር ሜዳ የወደቁትን ማንሳት። ከሥሩ ቁጥር አለ። አርባ አንድ።»

ላቀች ቀና አለች። «አርባ አንድ ገደለ?»

«አይ፣ ልጄ። አርባ አንድ ሬሳ ከተኩስ መሐል ተሸክሞ አወጣ ነው የሚለው። ስለ መግደሉ የተጻፈ የለም።»

ንፍሮ ያኝኩ የነበሩት ማኘካቸውን ተዉ።

«ለዚህ ግጥም የለኝም» አለች ላቀች ቀስ ብላ። «ገዳይ ነው የማውቀው።»

ብርቄ የሆነ ነገር ሊሰማት እንደሚገባ አሰበች፤ ጠበቀችው፤ አልመጣም። ወረቀቱ በድሮው እጥፋቱ መታጠፍ እንዳለበት ብቻ ታያት።

ዳኛቸው ተነሥቶ መጣ። ሌላ ቃል ሊጨምር መስሏት አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ወረቀቱን ከመሪጌታው እጅ ተቀበለ። ማንበብ አይችልም፤ ገልብጦ ይዞ ብዙ አየውና መለሰላቸው።

«በየትኛው ትከሻው ነበር?»

«ምኑ፣ አያ ዳኛቸው?»

«ብዙ የተሸከመ ሰው አንደኛው ትከሻው ይወርዳል። የኔ ቀኙ ነው።» ልብሱን ገለጥ አድርጎ አሳያት። «የሱስ?»

አባቷ ከቤት ሲወጣ ጋቢው ሁልጊዜ ባንድ በኩል ይንሸራተት ነበር። ይህን ያህል አርጅቶ ጋቢ መልበስ አያውቅም እያለች ትቆጣዋለች፤ በር ላይ አቁማ ታስተካክልለታለች። ደጁን ሳያልፍ ተመልሶ ይወርዳል።

«የግራው» አለች።

«እሱን አልቅሽለት፣ ላቀች» አለ ዳኛቸው። «ሰውን ነገ እኔ እጠራለሁ። አንች አውርጅ፣ እኔ እቀበልሻለሁ።»

ላቀች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃል ትፈልግ ጀመር። የብርቄ እጅ ከጭኗ ላይ ተነሣ። አባቷ ፊቷ ቢቆም ትከሻው በሚሆንበት ልክ፣ ባዶው አየር ላይ፣ ጋቢውን እንደያዘች ጣቶቿን ገጥማ ወደ ላይ ሳብ አደረገች።