ገመዱ ሦስት ጊዜ ሲሳብ

አባቴ ያዱላህ የዕድሜውን እኩሌታ ያሳለፈው መሬት ውስጥ ነው። ኢራን ውስጥ ከኬርማን ተራሮች ሥር ተነስተው ለፒስታሽዮ ለውዝ እርሻዎች ውሃ የሚያደርሱትን የጥንት ቦዮች ሲቆፍርና ሲጠርግ ኖረ። የሙያው ሰዎች ጉድጓድ ሲወርዱ ነጭ ይለብሳሉ። አፈር ከተናደብን ከፈን ፍለጋ አትደክሙም እያሉ በሚስቶቻቸው ይቀልዳሉ።

የገመድ ሕግም አላቸው። ከታች ያለው ሰው አንድ ጊዜ ከሳበ ባልዲ ላክ፣ ሁለት ጊዜ ከሳበ መብራት ላክ፣ ሦስት ጊዜ ከሳበ አውጣኝ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሲሳብ ከላይ ያለው ሰው «ምን ሆንክ?» ብሎ አይጠይቅም። ያወጣል። ሰባት ዓመቴ ላይ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀምጦ ገመዱን እያስያዘኝ ያስተምረኝ ነበር። «ማህሩክ፣ ከላይ ለተቀመጠ ሰው ሁሌም ሰላም ነው የሚመስለው። ስለዚህ አትጠይቂ። መጀመሪያ አውጪ፣ ወሬው ፀሐይ ላይ ይደርሳል» ይለኝ ነበር።

እርጥበቱ ጉልበቱንና ወገቡን ሲበላው ኦፒየም ማጨስ ጀመረ። እኛ ቤት ስሙ «ጥቁሩ» ነው። ከምሳ በኋላ ማንደጃው ይቀርባል፣ ከሰሉ ይቀላል፣ ፒፓው ይሞቃል፣ አባቴም ሰው ይሆናል። በእኛ አገር ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ለተከበረ እንግዳም ይቀርባል። የዛሬ ስድስት ዓመት ሐኪም ደም ግፊት አለብህ ብሎ ኪኒን ሲያዝለት፣ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ «ጥቁሩ ይጠብቅልኛል» አለ። ሰፈራችን በሙሉ እንዲህ ነው የሚያምነው። ጥቁሩ ለልብ ነው፣ ለስኳር ነው፣ ለግፊት ነው፤ ሙት ማስነሳት ብቻ ነው የቀረው። እኔም፣ ጂኦግራፊ አስተማሪ ተብዬዋ፣ በየጊዜው ስለካው ግፊቱ ደህና ሆኖ ስላገኘሁት ዝም አልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ቤተሰብ ሊያጨኝ አስቦ ነበር። እንደ ልማዱ የሰፈሩን ዳቦ ጋጋሪ ስለ አባቴ ጠይቀው፣ በዚያው ቀሩ። አባቴም ይህን ሰምቷል። ዘንድሮ የካምቢዝ ቤተሰቦች አርብ እንመጣለን ብለው ላኩ። ካምቢዝ በእኔው ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተምራል፤ እወደዋለሁ፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ አባቴ ግን አውቆታል። ሰኞ ጠዋት ቆራሌው በበራችን ሲያልፍ ጠራውና ማንደጃውንም ፒፓውንም አሸከመው። የቀረውን ጥቁር ሽንት ቤት ጨመረው።

«የሱሰኛ ልጅ አይሏትም» አለ።

«በአንዴ?» አልኩት።

«ጉድጓድ ግማሽ ድረስ ይወረዳል እንዴ?»

አክስቴ ሶግራ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ይህን ሲሰሙ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው! ቀስ በቀስ ተውኩ የሚል ራሱን ያታልላል» አሉ። ባላቸው ከመሞታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ትተው ሦስት ጊዜ ስለተመለሱበት፣ በዚህ ጉዳይ ሰፈሩ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። እኔንም አስጠነቀቁኝ፦ «በሦስተኛው ቀን ሁሉም "ልቤ" ይላሉ። ልባቸው አይደለም፣ ጥቁሩ ነው የሚያናግራቸው። ከራራሽለት ገደልሽው።»

ማክሰኞ ያዛጋው ጀመር፤ ዓይኑና አፍንጫው እንደ ምንጭ ፈሰሱ። «አሁን ገና ውሃ አገኘሁ» ብሎ አሳቀኝ። ረቡዕ ቀልዱ አለቀ። እግሮቹ አልጋው ላይ ይራገጣሉ፣ የበላውን ሁሉ ያወጣዋል፣ ላቡ ፍራሹን አርሶታል። ግፊቱን ስለካው መቶ ዘጠና በመቶ አሥር አለ። ተደናግጬ ለአክስቴ አሳየኋቸው።

«እጁ እየተንቀጠቀጠ ምን ይለካል? ዕቃውም ያረጀ ነው» አሉና ድንጋይ ስኳር በሙቅ ውሃ አሟሙተው አጠጡት። እኛ ጋ ድንጋይ ስኳር የማያድነው በሽታ የለም። ኪኒኑ ያለበት መሳቢያ ከራስጌው በታች ነበር። ማናችንም አልከፈትነውም።

ሐሙስ አክስቴ ለአርብ እንግዶች ፒስታሽዮና ፍራፍሬ ሊገዙ ገበያ ወጡ። እኔ ኮሎምፔ የሚባለውን ቴምር የሚሞላ ብስኩት ልጋግር ቴምሩን እሳት ላይ ሳማስል አባቴ ጠራኝ። ፊቱ ደም መስሏል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲዘል ከበሩ ሆኜ አየሁት።

«ማህሩክ፣ ልቤ።»

መጣች፣ አልኩ በሆዴ። አክስቴ ያሉት ቃል በሰዓቱ መጣች።

«ባባ፣ ነገ እኮ አርብ ነው። አንድ ቀን ብቻ።»

«አውቃለሁ የኔ ዓለም። ግን የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል። የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር... ከጎረቤት...»

ይቺ ምስር ናት ጉድ ያደረገችን። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ የአባቴ ሳይሆን የጥቁሩ ድምፅ አድርጌ ሰማሁት። ግፊቱን ለካሁ፤ ሁለት መቶ ሃያ በመቶ ሠላሳ። ደግሜ ለካሁ፤ ዕቃው ስህተት ነው ብሎ ጠፋ። ይኸው፣ እውነትም አርጅቷል፣ አልኩ። ሰው ማመን የፈለገውን ለማመን ምስክር አያጣም።

«ተዪው እሺ፣ ጥቁሩ ይቅር» አለ፤ «ሐኪም ጥሪልኝ።»

እዚህ ላይ ልዋሽ እችላለሁ፣ ግን አልዋሽም። ስልኩን አንስቼ ነበር። ከዚያ አምቡላንስ እየጮኸ በራችን ላይ ሲቆም፣ ዳቦ ጋጋሪው ዱቄታም እጁን እያራገፈ ሲወጣ፣ ሰፈርተኛው «ያዱላህ ጥቁር ቢያጣ ሊሞት ነው» ሲል ታየኝ። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

«ቴምሩ እንዳያርብኝ። ተኛ፣ መጣሁ» አልኩት።

ስነሳ እጅጌዬን ያዘው። ሳበው። እንደገና ሳበው። እንደገና።

«ምን ሆንክ ደግሞ?» አልኩ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቅኩ። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ወጣሁ።

ኮሎምፔውን ምድጃ ውስጥ ከትቼ ስመለስ ግማሽ አካሉ ከአልጋው ወርዶ፣ ክንዱ ወደ በሩ ተዘርግቶ አገኘሁት። ያኔ ደወልኩ፤ አምቡላንሱም ጮኸ። ዳቦ ጋጋሪውም ወጣ፤ በእንባ እያለቀሰ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ተሸከመ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ከእኔ ታንሳለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ኦፒየሙ ልጓም ሆኖ የያዘው ነገር በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ልብ ይጋልባል፣ ግፊት ይወጣል» አለችኝ። «በእሱ ዕድሜ፣ ግፊት ያለበት ሰው፣ በሐኪም እጅ ሆኖ ነው መተው ያለበት። ይህን የሚያበርድ መድኃኒት አለ። የግፊት ኪኒን አልነበረውም?»

«ነበረው።»

«ታዲያ ይወስድ ነበር?»

አባቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተ። ማታ ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። የኪኒኑ ማሸጊያ እንዳለ ነበር፤ አንዲት እንኳ አልጎደለችም። ሥሩ ነጩ የሥራ ልብሱ ታጥፎ ተቀምጧል።

አርብ ጠዋት ቀበርነው። ከቀትር በኋላ የካምቢዝ ቤተሰቦች በተባባልነው ሰዓት መጡ፤ ጥቁር ለብሰው። እናቱ አቅፈውኝ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሰው የሚለው እውነት ነው? ለእኛ ብሎ ነው የተወው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ወይኔ! ማጨሱን ዳቦ ጋጋሪው እኮ በጸደይ ነግሮናል! የእኔስ አባት አርባ ዓመት ከማንደጃ ሥር መቼ ተነሳና? ካምቢዝ እንኳ "አበባ ለእሷ፣ ለአባቷ ግን ደህና ከሰል ይዘን እንሂድ" እያለ ሲያስቀን ነበር።»

አክስቴ ሶግራ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ነጩ። ኮሎምፔውን ለለቀስተኛ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ሥሩ አሮ ነበር፤ ሁሉም በላ።

እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ፣ የአባቴን የገመድ ሕግ በድንጋጤ ረስቼው ነው እላለሁ። ያጽናኑኛል። ሲያስተምርሽ ልጅ ነበርሽ፣ ማን ያስታውሳል፣ ይሉኛል። አልረሳሁትም። እጅጌዬን ሲስበው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ በሆዴ ቆጥሬዋለሁ፤ ቆጥሬ ጨርሼ ነው ምን ሆንክ ያልኩት።