ሂሳኖ ቤንተንን ይዛ ሄደች

እንጨት ጠራቢው ጌንዞ ደህና በነበረበት ዘመን፣ ከእጁ የወጣ የዕድል አምላክ ምስል የማይቀመጥበት ሱቅ በኢናሚ ከተማ አልነበረም። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን መሮውን የምትይዘው ልጁ ሂሳኖ ናት። ይህን ከቤተሰቡ ውጭ ማንም እንዲያውቅ አልተፈለገም። ሴት ጠረበችው ከተባለ ደንበኛ ይሸሻል ብሎ የወሰነው ታላቅ ወንድሟ ዮሺሃሩ ነው። እሱ የቤተሰቡ ሱቅ ደጅ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፤ አፉ ማር ነው። መሮ ከጨበጠ ግን ቆይቷል።

በዚያ ዓመት የሰፈሩ ቤተ መቅደስ ሰባቱን የዕድል አማልክት እንደ አዲስ አሠራ፤ አሮጌዎቹን ምስጥ ጨርሷቸው ነበር። ሂሳኖ ከፀደይ እስከ በረዶ መግቢያ ከካፉር ዛፍ ግንድ ጋር ታገለች። የሳቂታውን አምላክ የሆቴይን ቦርጭ ስትጠርብ ብቻዋን ትስቅ ነበር። ከሰባቱ ብቸኛ ሴት የሆነችው ቤንተን ጋ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። ፊቷን የሞተች እናቷን አስመስላ ሠራችው፤ ክራሯን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ከንፈሯን ገጠም አድርጋ፣ ልትናገር ስትል ዝም በይ እንደተባለች ሴት።

የምረቃው ዕለት ሰፈርተኛው ሞቺ የሚሉትን የሩዝ ቂጣ እየበላና ሳኬ የሚሉት የሩዝ መጠጥ እየተቀዳለት ተሰበሰበ። የቤተ መቅደሱ አለቃ ሥራው የአባትና የወንድ ልጁ ነው ብሎ ዮሺሃሩን ወደ ፊት ጠራው። ዮሺሃሩ ጎንበስ ብሎ ምስጋናውን ተቀበለ፤ አልፎ ተርፎ ለቤንተን ፊት ሲል እንቅልፍ እንዳጣ አወራ። ሂሳኖ ጓዳ ከሴቶቹ ጋር ጽዋ ስታጥብ ሁሉንም ሰማች። ያንገበገባት የወንድሟ ውሸት አልነበረም፤ እሱን ታውቀዋለች። ያንገበገባት አባቷ እዚያው ተቀምጦ መሬት መሬት ማየቱ ነው።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣችና ቤንተንን ከመሃል አንስታ ታቀፈቻት።

«ምን ነካሽ? ሰው እያየን ነው» አላት ዮሺሃሩ ጥርሱን ነክሶ።

«ይየን። እንቅልፍ ያጣህለት ፊት የማን እንደሆነ ንገራቸውና ልመልሳት።»

ዮሺሃሩ ምስሏን አየ፤ ሂሳኖን አየ። የገዛ እናቱን ፊት አላወቀውም።

ቤንተንን ይዛ አክስቷ ቤት ገባች። ለአዲስ ዓመት ዕድል ሊለምን ወደ ቤተ መቅደሱ የመጣ ሁሉ ስድስት አማልክት ብቻ አገኘ። ገሚሱ አብዳለች አለ፤ ገሚሱ ባል ስላጣች ነው አለ። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ጎረቤት ግን ስድስት ወንድ ብቻ ቢደረደር ምን ዕድል ይመጣል፣ ማንስ ሊያበስልላቸው ነው ብላ ሰውን አሳቀች። ዮሺሃሩ አማላጅ ላከ፤ ቀጥሎ ማስፈራሪያ ላከ። ሂሳኖ ለሁሉም የመለሰችው አንድ ነው፤ ዝም ያለው ሰውዬ ራሱ ይምጣ።

ጌንዞ በበረዶው ውስጥ ምርኩዙን ተደግፎ መጣ።

«ሱቁ እንዳይዘጋ ፈርቼ ነው» አላት።

«ሱቁን ያቆመው የኔ እጅ ነው አባባ። እርስዎ ለሱቁ ሲፈሩ ለኔ ማን ይፍራልኝ?»

 የጌንዞ ዓይን ቤንተን ላይ ሲደርስ ቆመ። «እናትሽ ከንፈሯን እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ እኔ ስቆጣት» አለ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ቤተ መቅደሱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ጌንዞ ተነስቶ፣ ሰባቱንም የጠረበቻቸው ልጁ እንደሆነች፣ እሱም እያወቀ ዝም እንዳለ ተናገረ። አለቃው ይቅርታ ጠይቆ ስሟን እንድትቀርጽ ለመናት። ሂሳኖ ቤንተንን ወደ ቦታዋ መልሳ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እየገለበጠች ስሟን ከእግራቸው ሥር ቀረጸች። ዮሺሃሩ አልመጣም። ክረምቱን ሙሉም አላናገራት። አንዳንድ ደንበኛ እንደተፈራው ቀረ፤ ሌላው መጥቶ እሷን በስሟ ጠየቀ።

ንዴቷ ግን አልበረደም። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ፣ አባትሽ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ በሰው ፊት መሰከረልሽ ይላታል። በገዛ እጇ የሠራችው ሥራ የሷ ነው ለመባል የወንድ አፍ ማስፈለጉን ልብ ያለው የለም። ሂሳኖ ጎንበስ ብላ ታልፋቸዋለች፤ ጉንጯ እየጋለ።